የባሕር በር የሕግ ጥያቄ ነው፤ በሕግ እንጂ በአፈሙዝ አይመለስም!

የተከበራችሁ የመካነ ሰላም፣ የአቀስታና የአካባቢው ከተሞች መራጮች!

“የባሕር በር የአዲስ አበባ ፖለቲከኞች ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” የምትሉ ወገኖች እንዳላችሁ እናውቃለን። ነገር ግን ያገባችኋል። ከደሴና ከኮምቦልቻ የተነሳ መኪና በባቲ፣ በሚሌና በቡሬ አድርጎ አሰብ የሚገባበት ዘመን ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የአገራችን የውጭ ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ በር ብቻ ያለው ገበያተኛ ዋጋ አይከራከርም። የወደቡና የማጓጓዣው ወጪ ተደምሮ የሚመጣው በቦረና ገበሬ ማዳበሪያ፣ በባለመኪናው ነዳጅና በእያንዳንዳችሁ ጓዳ ላይ ነው።

ይህን ጥያቄ በሕግ ሚዛን ላይ ካስቀመጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶ/ር ያዕቆብ ኃይለማርያም ናቸው። የሕግ ምሁሩ በአሜሪካ በኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት ወንጀል በተመለከተው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። በውጭ የተደላደለ ኑሮ እያላቸው በ1997ቱ ምርጫ በቅንጅት ውስጥ ተሰለፉ። አገራቸው ምን መለሰችላቸው? እስር ቤት! በሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ወንጀለኞችን የከሰሱት ሰው በገዛ አገራቸው በዘር ማጥፋት ሙከራ ተከሰሱ። ይህ ክስ በኋላ ወደቀ፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ከእስር ወጡ። ቂም ይዘው አልተቀመጡም፤ “አሰብ የማን ናት?” የሚል መጽሐፍ ለሕዝብ አቀረቡ።

ክርክሩ ምንድን ነው? ኢሕአዴግ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የፈረመው ስምምነት ድንበሩ በቅኝ ግዛት ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ እንዲወሰን አደረገ። ከውሎቹ አንዱ፣ የ1900 ዓ.ም. ውል፣ ድንበሩን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ የሚያርቅ ነው። መልሱ ገና ሲፈረም የታወቀ ነበር ማለት ነው። ውሎቹን ግን ጣሊያን ራሷ በ1928 ዓ.ም. በወረራዋ ቀዳዋቸዋለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በኅዳር 1943 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑን ውሳኔ ሲያሳልፍ ኢትዮጵያ በቂ የባሕር መውጫ እንደሚያስፈልጋት በጽሑፍ አስፍሯል። ኢሕአዴግ የፈረመው ይህን ሁሉ ክርክር አስቀድሞ የሚዘጋ ሰነድ ነው። ሕዝብ መቼ ተጠየቀ?

ከዚያስ ተማርን? በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡሬ በር ሲከፈት ሁላችንም ተደስተን ነበር። የወደብ አጠቃቀሙ ዝርዝር ለሕዝብ ሳይቀርብ በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። በመሪዎች መተቃቀፍ የተከፈተ በር በመሪዎች ኩርፊያ ይዘጋል።

አንዳንዶች “በኃይል እናስመልሳለን” ይላሉ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያዩትን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ነጋሪ አያሻችሁም። እኛ ከዚህ ፉከራ ጋር አንተባበርም። ሕጉም ሁሉን ይሰጠናል ብለን አናታልላችሁም። የ1982 እ.ኤ.አ. የባሕር ሕግ ስምምነት ወደብ ለሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመውጣትና ዕቃ የማሳለፍ መብት ይሰጣል፤ አፈጻጸሙ ግን ከጎረቤት ጋር በሚደረግ ውል ይወሰናል። ውል ደግሞ የሚዋዋል፣ የሚከራከርና ሕዝቡን የማይፈራ መንግሥት ይፈልጋል።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. የወደብና የድንበር ስምምነቶች ሁሉ በምክር ቤት በግልጽ ክርክር ሳይደረግባቸው እንዳይጸድቁ እናደርጋለን።

2. የአሰብን መንገድ በሰላማዊ ድርድር ለማስከፈት፣ ከአንድ ወደብ ጥገኝነትም ለመውጣት እንሠራለን።

3. የአገሪቱን የሕግ ምሁራን፣ ተቃዋሚም ይሁኑ ደጋፊ፣ ወደ ድርድሩ እንጠራለን።

4. ማንም ዜጋ በጻፈውና በተናገረው አይታሰርም።

የከተማችሁ ስም የሰላም ቦታ ማለት ነው። ሰላም የሚጸናው ሕግ ሲከበር ነው። ድምፃችሁን ለሕግ የበላይነት ስጡ!