ስም መሰረዝ ቤት ማስለቀቅ አይደለም

«ሲስተም የለም።»

በየመስኮቱ ለተሰለፈ ሰው የሚወረወረው ይህ መልስ ዛሬ እንደ ዝናብና በረዶ ማንም የማይጠየቅበት ነገር ሆኗል። ሲስተም ግን ሲጠፋ ምክንያት አለው። ምክንያቱም አንዳንዴ ለማመን የሚከብድ ተራ ነገር ነው፦ የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቷል፤ ፋይሉ ተሰርዟል፤ ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው።

ከዚያ የሚሆነውን ሰርቨር የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ባለሙያው ሲፈልግ ቆይቶ መቶ ጊጋባይት የደረሰ የሎግ ፋይል ያገኛል። ይሰርዘዋል። ዲስኩን መልሶ ሲያይ 100 በመቶ። ሌላ ይሰርዛል፤ ያው ነው። ላብ በላብ ሆኖ ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳዋል። ቦታው ተለቀቀ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ለአለቃም ሪፖርት ተጻፈ፦ «ሊኑክሱ ችግር ነበረበት፤ ተፈቷል። ለዘለቄታው ተጨማሪ ዲስክ ይገዛ።»

አልተፈታም። ሊኑክሱም ችግር አልነበረበትም።

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ዩኒክስ ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን በግልጽ አስቀምጠውታል። ፋይል ማውጫ ውስጥ አይኖርም። ማውጫው የያዘው ስምና የፋይሉ መረጃ ወዳለበት የሚያመለክት ቁጥር ብቻ ነው። ያ መረጃ አይኖድ ይባላል። «አርኤም» የተባለው የመሰረዣ ትዕዛዝ ከውስጥ የሚጠራው ተግባር ስሙ ራሱ «አንሊንክ» ነው፤ ማያያዣውን መፍታት ማለት ነው። ማጥፋት የሚል ቃል የለበትም። ከርነሉ ሁለት ነገር ይቆጥራል፦ ፋይሉ ስንት ስም አለው፣ ስንት ፕሮግራምስ ከፍቶ ይዞታል? ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ቦታው ይለቀቃል።

የቀበሌ ቤት እንውሰድ። ስሙ ከመዝገብ ተሰርዟል፣ የበሩ ቁጥርም ተነቅሏል። ተከራዩ ግን ውስጥ ተቀምጦ ቡና እያፈላ ነው። በር ቁጥር እየቆጠረ የሚዞር ሠራተኛ ያንን ቤት አያገኘውም፤ «ዲዩ» የሚባለው ትዕዛዝ እንዲህ ነው፣ በስም እየዞረ ይደምራል። «ዲኤፍ» ደግሞ የሚጠይቀው የተያዘውን መሬት ነው። አንዱ 40 ጊጋባይት ሌላው 140 ሲል ባለሙያው «ማሽኑ ዋሸ» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በመሃል ያለው መቶ ጊጋባይት ስም የሌለው ተከራይ ነው።

«እንዲህ ከሆነማ አሠራሩ ራሱ ጉድለት አለበት» የሚል አይጠፋም። በዊንዶውስ የለመደ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የተከፈተ ፋይል አልሰረዝም ይላል። ዩኒክስ ግን ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም የሚጠቀምበትን ፋይል በአዲስ መተካት ይፈቅዳል። የቆየው ፕሮግራም እስኪዘጋ በአሮጌው ይሠራል፣ አዲስ የሚነሳው አዲሱን ይወስዳል። የደህንነት ማሻሻያ አገልግሎት ሳይቋረጥ የሚጫነው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜያዊ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራምም ፋይሉን ከፍቶ ወዲያው ስሙን ይሰርዛል፤ ድንገት ቢሞት እንኳ ቆሻሻ አይተውም። ይህ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራ ንድፍ ነው። ጉድለቱ ያለው ሳያነቡ በሚሰርዙት ዘንድ ነው።

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። «ኤልኤስኦኤፍ» የተባለው ትዕዛዝ ስማቸው ተሰርዞ ገና ያልተዘጉ ፋይሎችን ከያዛቸው ፕሮግራም ጋር ይዘረዝራል። ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ ዘግቶ ማስነሳት ይበቃል። ከመነሻውም የሎጉን ፋይል ከመሰረዝ ይዘቱን ባዶ ማድረግ ይቻል ነበር። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ተጭኖ የሚመጣው «ሎግሮቴት» በደንብ ቢስተካከል ደግሞ ሎጉ በየጊዜው ይቀየራል፣ ፕሮግራሙም አሮጌውን ለቆ አዲሱን እንዲከፍት ይነገረዋል። (የሞላ ዲስክ ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ፋይሉ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ኤክስት4 በተለመደው አሠራሩ 5 በመቶውን ለዋናው ተጠቃሚ ያስቀራል። ይህም ቢሆን ፈልጎ የሚገኝ ነው።)

ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት የሚሠራው ሁሉንም ፕሮግራም ስለሚገድል፣ የተከፈተውንም ሁሉ ስለሚዘጋ ነው። አብሮ ግን ማስረጃውን ይቀብራል። ያ ሎግ መቶ ጊጋባይት የደረሰው አንድ ፕሮግራም ቀን ከሌት አንድ ዓይነት ስህተት እየጮኸ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ጩኸቱን ያነበበ የለም፤ ተሰረዘ። ከወር በኋላ መስኮቱ ላይ ያው መልስ ይሰጣል። ተጨማሪው ዲስክም ቢገዛ ለዚያው ተከራይ ሰፋ ያለ ቤት መስጠት ነው።

ጉዳዩ ከሰልፍም ያልፋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው የግል ዳታው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። አንድ መሥሪያ ቤት «ሰርዘናል» ብሎ ደብዳቤ ሲጽፍ ምኑን ነው የሰረዘው? ስሙን ከሆነ፣ ፋይሉን የያዘው ፕሮግራም እስካልተዘጋ ድረስ ይዘቱ ከነሙሉ አካሉ ዲስኩ ላይ አለ። የማሽኑ ዋና ተጠቃሚ «ፕሮክ» ከተባለው ማውጫ ሥር በአንድ ትዕዛዝ ገልብጦ ሊያወጣው ይችላል። ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ቦታው «ነፃ» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ የግድ አይታጠብም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት አሮጌው ሊቆይ ይችላል። የመጠባበቂያ ቅጂውስ የት ነው ያለው? ደብዳቤው ላይ የፈረመው ኃላፊ ይህን ጥያቄ ለባለሙያው አቅርቦ ያውቃል?