ፊደል ቀድሞ የለየ ሕፃን

ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሱቁን ማስታወቂያ፣ የአውቶቡሱን ጽሑፍ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሳይቀር ሲያነብ የሰሙ ወላጆች ደስ ቢላቸው የሚነቀፉበት ምክንያት የለም፤ ዳሩ ግን ይህ ደስታ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ጠማማ መንገዶች ሲያመራ አያለሁ። አንዱ ወገን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሕፃኑን ከጨዋታው ጠርቶ በሰው ፊት እያቆመ ያስነብበዋል፤ በዚህም የውዳሴ ከንቱን ጣዕም ያለ ጊዜው ያስለምደዋል። ሌላው ወገን ደግሞ «ያለ ዕድሜው አእምሮው ይደክማል» ብሎ በመስጋት መጽሐፉን ከእጁ ይወስድበታል። ሁለቱም የሚመለከቱት ዕድሜውን ብቻ ነው። እኔ ግን ሕፃኑ በስንት ዓመቱ አነበበ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሲያነብ ከጎኑ የተቀመጠው ማን ነው፣ ለጥያቄውስ በምን መንፈስ ይመልስለታል ብሎ መመርመር እንደሚበልጥ አምናለሁ።

በለጋ ዕድሜ ማንበብ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ንባብ ቤት አራትና አምስት ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት ተቀብሎ ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ ፊደለ ሐዋርያ እያሻገረ፣ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት እስኪደግሙ ድረስ ሲያደርሳቸው ኖሯል። አለንጋው እንዳልቀረ፣ ሕፃኑም የሚያነበውን የግዕዝ ቃል ምሥጢር ሳያውቅ ዓመታት ይቆይ እንደ ነበር አልክድም። ነገር ግን ስንደዶውን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቆጥረውን ጀማሪ ልብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ታላቅ ጥበብ ይገለጥለታል፤ የኔታ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊሰሙ ስለማይችሉ፣ ከጀማሪው አጠገብ ተቀምጦ የሚያስቆጥረው፣ ሲሳሳትም የሚያርመው፣ ከእርሱ ጥቂት ቀድሞ ዳዊት የጀመረው ልጅ ነው። በዚያ ጉባኤ ቀድሞ ያወቀ ልጅ የሚሰጠው ክብር ሌላውን የማስተማር ሸክም ነበር።

ከሌላው ዓለም እጅግ የታወቀው አብነት እ.ኤ.አ. በ1806 በለንደን የተወለደው ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። የግሪክን ቋንቋ በ3 ዓመቱ፣ ላቲንን በ8 ዓመቱ እንደ ጀመረ፣ ከሞተ በኋላ በ1873 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጽፏል። አንባቢዎች ከዚህ መጽሐፍ አብዝተው የሚያነሡት ይህንኑ የዕድሜ ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ስለ አንድ ጠረጴዛ የተረከው ነው። ሕፃኑ ላቲን ገና ስላልተማረ፣ ግሪክን በላቲን የሚፈታው መዝገበ ቃላት አይጠቅመውም ነበርና፣ ያላወቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጦ የሕንድን ታሪክ የሚጽፈውን አባቱን ጄምስ ሚልን ይጠይቅ ነበር፤ ትዕግሥት የጎደለው መሆኑን ልጁ ራሱ የመሰከረበት ያ አባት ሥራውን እያቋረጠ ይመልስለት ነበር። ይህም ብቻ አይደለም። አባትዬው ልጁ ከእኩዮቹ መቅደሙን ሳያሳውቀው ቆይቶ፣ በ14ኛ ዓመቱ ለረዥም ጊዜ ከቤት ሊለይ በተቃረበ ጊዜ፣ ሃይድ ፓርክ በተባለው መናፈሻ ውስጥ፣ ሌሎች ያላወቁትን ማወቁ ሊያስተምረው የሚችልና ጊዜውን የሚሠዋ አባት ስላገኘ እንጂ በራሱ ብልጫ እንዳልሆነ ነገረው። ለሕፃን አእምሮ ከዚህ የሚበልጥ የትሕትና ተግሣጽ ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ይኸው አባት ልጁን ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይውል ይከለክለው፣ ፍቅሩንም ከመግለጽ ይቆጠብ ነበር። ሚል 20 ዓመት በሆነው ጊዜ፣ በ1826፣ የደከመለት ዓላማ ሁሉ ቢፈጸምለት ደስታ ያገኝ እንደ ሆነ ራሱን ጠይቆ፣ እንደማያገኝ ልቡ በመለሰለት ጊዜ በጽኑ ኀዘን ላይ ወደቀ። ከዚያ ጨለማ መውጣት የጀመረው ፈረንሳዊው ማርሞንቴል ስለ ገዛ አባቱ ሞት የጻፈውን አንብቦ ባለቀሰ ጊዜ ነበር፤ በኋላም የባለቅኔው የወርድስወርዝ ግጥም አጽናናው። ለመከራው ምክንያት አድርጎ የቈጠረውም ስሜትን ሳያሳድግ መመርመርን ብቻ ያሠለጠነውን አስተዳደጉን ነው። እንግዲህ ጉዳቱ የመጣው ፊደሉን በሕፃንነቱ በመለየቱ ሳይሆን፣ ከፊደሉ ጋር አብረው ሊሰጡት የሚገባቸው ፍቅርና ባልንጀራ በመጓደላቸው ነው።

ከአንድ ሰው ታሪክ ወጥተን ብዙ ሕፃናትን የመረመረ ጥናት ብንጠይቅም የምናገኘው መልስ ከዚህ አይርቅም። ዶሎረስ ደርኪን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1958 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ አንደኛ ክፍል ከገቡት 5,103 ልጆች መካከል ማንበብ የሚችሉ 49፣ በ1961 ደግሞ በኒው ዮርክ ከ4,465 ልጆች መካከል 156 አግኝተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ ቀድመው ያነበቡት ልጆች በንባብ ብልጫቸው ጸንተው ቆይተዋል እንጂ አልደከሙም፤ ሁሉም የባለጸጋ ወይም የምሁር ልጆች አልነበሩም። በየቤታቸው የተገኘው ነገር ግን የሚያነብላቸው ሰው፣ «ይህ ምን ይላል?» ሲሉ የሚመልስላቸው ሰው፣ የሚሞነጫጭሩበት ወረቀትና እርሳስ፣ በብዙዎቹም ዘንድ አስተማሪ ሆና የምትጫወት ታላቅ እኅት ነበረች።

ይህን ሁሉ ስል ዘግይቶ ለሚያነበው ልጅ ፍርድ ማጓደል አልፈልግም። ፊንላንድ ልጆቿን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት የምታስገባው 7 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው፤ ይህም የተማረ ሕዝብ ከመሆን አላገዳትም። «ታናሽህ እንኳ አንብቧል» የሚለው ንግግር ታላቁን ያቆስላል፣ ታናሹን ያስታብያል፣ ሁለቱንም ከመጽሐፍ ያርቃል።

ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ልጁ ከጠየቀ ይመለስለት፤ ካልጠየቀ ይነበብለት፤ ቃሉን አጥርቶ ባነበበም ጊዜ ምን እንደ ገባው ይጠየቅ፣ ድምፅ ማውጣትና ማስተዋል አንድ አይደሉምና። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያሳተሙ ባሠራጩት የፊደል ገበታ የተማረው ትውልድ እንደሚመሰክረው፣ ለጅማሬ አንዲት ወረቀትና አንድ ታጋሽ ሰው ይበቃሉ። ራሷ ያልተማረች እናት እንኳ «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» ብላ ጆሮዋን ብትሰጠው ታላቅ መምህርት ናት። መምህራንን ደግሞ የምለምነው፣ አንደኛ ክፍል ሲገባ ማንበብ የሚችለውን ልጅ የሚያውቀውን እያስደጋገሙ ዓመቱን ሙሉ እንዳያሰለቹት፣ ለሽልማትም ብቻ ከመድረክ እንዳያወጡት ነው፤ እንደ ንባብ ቤታችን ሥርዓት ፊደል ካልለየው ባልንጀራው አጠገብ ያስቀምጡት፣ ያስቈጥረውም ዘንድ አደራ ይስጡት። የተሰጠው ጸጋ ለእርሱ የሚጸናለት፣ ለክፍሉም ሁሉ በረከት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።