የምን ግማሽ ዋጋ?

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጄ የዕቁብ ዕጣው በወጣለት ማግስት፣ ከዱባይ በግማሽ ዋጋ ሊያስመጣው ያሰበውን የሰርግ ቀለበት በስልኩ አሳየኝ። «18 ካራት አልማዝ ነው!» አለኝ በኩራት። ደስታውን ማደፍረስ ግድ ሆነብኝ።

18 ካራት የተባለው ወርቁ ነው፤ ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ፣ የቀረው ቅይጥ ማለት ነው። የአልማዝ ካራት ግን የክብደት ስፍር ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ብቻ። 18 ካራት አልማዝ በነገሥታት ዘውድ ላይ እንጂ በዕቁብ ገንዘብ አይገኝም። አንድ ቃል ሁለት ስፍር በሆነበት ገበያ የሚያተርፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወርቅስ ሚዛን አለው። ያንኑ ቀለበት ወርቅ ቤት ብትወስዱት የእጅ ዋጋውን ትቶ ወርቁን በግራም ይገዛችኋል። ለድንጋዩስ ማን ይከፍላችኋል? አልማዝ የዘላለም ነው የሚለው መፈክር እኮ እ.ኤ.አ. በ1947 ለደ ቢርስ ኩባንያ ማስታወቂያ የተጻፈ ነው! ዛሬማ በቤተ ሙከራ የሚሠራው፣ እርሱም እውነተኛ አልማዝ የሆነው፣ ዋጋውን ቁልቁል እየሳበው ይገኛል። ታዲያ ግማሽ ዋጋ የምን ግማሽ ነው? ሙሉውን የጠራው ያው ሻጩ አይደለምን?

ወላጆቻችን ሴት ልጃቸውን አልማዝ ብለው ሰየሙ እንጂ ዕቁባቸውን አላፈሰሱበትም። ደግሞስ ከሐዋሳ በስተ ደቡብ፣ ከጉጂ ምድር ከሻኪሶ፣ ወርቅም መረግድም ይወጣል።

ወዳጄ «እሷ የምትወደው ብልጭታውን ነው» ብሎኝ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።