ያረጀው የሚጮኸው ብቻ አይደለም
ስለ አሮጌ ፒክአፕ የፊት እግር

በትምህርት ክፍላችን ግቢ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ሃያ ዓመት ያለፋት አንዲት ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ትቆማለች። መለኪያ መሣሪያና ተማሪ ጭና ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርድና ስትወጣ የኖረች ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፊት ክፍሏ ዝቅ እያለ መምጣቱን አይተን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናትና "ከፍ ትደረግልን" ብለን አዘዝን። ተደረገችልን፤ ቀና ብላ ስትቆምም ደስ አለን። ከሦስት ወር በኋላ አራት ተማሪዎች ይዘን ከመስክ ስንመለስ፣ ወደ ነዳጅ ማደያ ለመግባት በምንታጠፍበት ቅጽበት የግራ የፊት ጎማዋ ከሥሯ ተላቅቆ ተጋደመ። ፍጥነታችን ከእግረኛ እርምጃ እምብዛም ስለማይበልጥ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ከአሥር ደቂቃ በፊት ግን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየተጓዝን ነበር።

መኪናዋን ሊያነሱ የመጡት በዕድሜ የገፉ መካኒክ የተበላውን ቦል ጆይንት በእጃቸው ነቅንቀው፣ "ዶክተር፣ ይህ እኮ ሲናገር ነው የከረመው፤ የሰማው ጠፍቶ እንጂ" አሉን። መልስ አልነበረንም። በዚያው ሴሚስተር ስለሚረግብ ንዝረት ሦስት ሳምንት አስተምረናል፤ እኩልታውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ፈትተን፣ ፈተናም አውጥተንበታል። እኩልታው ግን ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ሲንኳኳ አልሰማነውም።

ለመሆኑ መካኒኮች በጥቅሉ "የእግር ዕቃ" የሚሉት ምን ምን ነው? ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙ የላይና የታች ክንዶች አሉ። ክንዶቹ ከሻንሲው ጋር በጎማ ቡሽ፣ ከጎማው ተሸካሚ ጋር ደግሞ በቦል ጆይንት ይገናኛሉ። ክብደቱን የሚሸከመው፣ በእኛይቱ መኪና፣ ሞላ ሳይሆን በሻንሲው ርዝመት የተዘረጋ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው፤ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ዘንጉ ይጠመዘዛል። ቶርሽን ባር ይባላል። ሾክ አብዞርበሩ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ብንሠራ አንባቢ አይሰለችብን። በአንድ የፊት ጎማ ላይ የሚያርፈው የአካል ክብደት 350 ኪሎ ግራም፣ የጎማው፣ የቸርኬውና አብሮት የሚንቀሳቀሰው ሁሉ 45 ኪሎ ግራም፣ የዘንጉ ጥንካሬ በጎማው ላይ ሲለካ በሜትር 27,000 ኒውተን፣ በነፋስ የተሞላው ጎማ ጥንካሬ ደግሞ በሜትር 200,000 ኒውተን ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለግምት የተወሰዱ ቢሆኑም ለእንዲህ ዓይነት መኪና ከእውነት የራቁ አይደሉም። የመኪናው አካል በሴኮንድ 1.4 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ጎማው ግን በአካሉና በመንገዱ መካከል ተይዞ በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ይዘላል። አንድ መኪና እንግዲህ አንድ ሳይሆን ሁለት ንዝረት አለው፤ አንዱ ዘገምተኛ፣ ሌላው ፈጣን ነው።

ብዙ ሰው የሚተማመንበት ፈተና የፊቱን ጥግ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ ነው። አንዴ ተነሥቶ ከቆመ "ሾኩ ደህና ነው" ይባላል። ይህ ፈተና ዘገምተኛውን ንዝረት ብቻ ይመረምራል። በሴኮንድ 11 ጊዜ መኪና የሚነቀንቅ ክንድ ያለው ሰው የለም። ያረጁ ቡሾች በራሳቸው ሰበቃ አካሉን ያዝ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ ሾኩ ባዶ ሆኖም ፈተናውን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በእኛ እምነት ከዚህ ይልቅ የሚሻለው፣ ረዘም ያለ የኮረኮንች ጉዞ እንዳበቃ ወርዶ የሁለቱን የፊት ሾኮች ሙቀት በጥንቃቄ ማነጻጸር ነው። ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ሲሠራ መሞቅ አለበት፤ ከጓደኛው ይልቅ ቀዝቅዞ የተገኘው ሥራ ስለመፍታቱ ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ጠጠር መንገድ እንውጣ። በተሽከርካሪ ብዛት የተሸነተረ መንገድ ላይ ሞገዶቹ በ1 ሜትር ርቀት ቢደረደሩና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ ጎማው በሴኮንድ 11 ጊዜ ይመታል፤ ማለትም በራሱ ድግግሞሽ ልክ። ፊዚክስ የሚማር ሁሉ የሚያውቀው ሬዞናንስ ይኸው ነው። ጤነኛ ሾክ ባለበት፣ የእርገባ ምጣኔው 0.25 ቢሆን፣ ከአንድ ሙሉ ዝላይ በኋላ የሚቀረው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ምጣኔው ወደ 0.05 ሲወርድ ሦስት አራተኛው ያህል ይቀራል፤ በዚያ ላይ ቀጣዩ ሞገድ ይደርሳል። ጎማው ደግሞ በመኪናው ክብደት ተጨፍልቆ የሚቀመጠው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከመንገዱ አንጻር ከዚያ በላይ ከተነሣ መሬት ለቋል ማለት ነው። መሬት የለቀቀ ጎማ ፍሬንም መሪም አያውቅም።

በመንገዳችን ላይ ሾፌር ሁሉ የሚነግረን አንድ ምክር አለ፦ "ፈጠን በል፣ ይለሰልሳል።" እውነት ነው፣ ይለሰልሳል። ፍጥነቱ ከሬዞናንስ ሲያልፍ ወደ ጋቢናው የሚደርሰው ንዝረት ይቀንሳል። የሚለሰልሰው ግን መቀመጫው ነው፤ በታች ያለው ጎማ የሞገዶቹን ጫፍ ብቻ እየነካ ይሄዳል። ኩርባ ሲመጣ የሚያስፈልገን በመቀመጫችን የሚሰማን ምቾት ሳይሆን ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ነው። ያረጀ የእግር ዕቃን የምቾት ጉዳይ አድርገው "ትንሽ ትንገጫገጫለች እንጂ ደህና ናት" ከሚሉት ጋር የማንስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ስሕተታችን እንመለስ። ያዘዝነው "ከፍታ" የተገኘው የቶርሽን ባሩን ማስተካከያ ቡሎን በማጥበቅ ነበር። የዘንጉ ጥንካሬ የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት፣ በርዝመቱ፣ ከሁሉም በላይ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው፤ ቡሎን ማጥበቅ ከነዚህ አንዱንም አይለውጥም። የሚለውጠው የክንዱን አቋም ነው። ክንዱ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ለመውረድ የቀረው ቦታ ያጥራል፤ የቦል ጆይንቱ ኳስም በጎድጓዳው መካከል ሳይሆን ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ይሠራል። ጆይንቱ ቀድሞም የተበላ ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በቡሎኑ ላይ አንጥልም። ሆኖም ዝቅ ማለቷ እንድንመረምራት የሚጠራን ምልክት ነበር፤ እኛ ምልክቱን አስጠፋነው።

ጥገናው ሲደረግ አጠገባቸው ቆመን ተመለከትን። እኚያ ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ዘንጉ ከየትኛው ክንድ ጋር እንደተያያዘ ነው። ከታችኛው ጋር ከሆነ ክሪኩ በታችኛው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ ይገባል፤ ከላይኛው ጋር ከሆነ መኪናው በሻንሲው ይነሣል። እንዲህ ካልሆነ ዘንጉ ጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው፣ የተበላውም ቢሆን ሲነቀነቅ ጤነኛ ይመስላል። ከዚያ መኪናዋን በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገቡም። የዘንጉን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገው ማስተካከያ ቡሎኑን ቀስ በቀስ አላሉት። ቀደም ባሉት ቁጥሮች ስናሰላው በዘንጉ ውስጥ የታመቀው ጉልበት 220 ጁል ገደማ ነው፤ 20 ኪሎ ግራም ጆንያ ከአንድ ሜትር ከፍታ ትንሽ አልፎ ሲወድቅ እንደሚያደርሰው ምት መሆኑ ነው። እጅ ላይ ማረፍ የለበትም።

የገረመን የቡሾቹ አሠራር ነው። አዲሶቹን ቡሾች ካስገቡ በኋላ ቡሎኖቹን እስከ መጨረሻው አላጠበቁም። መኪናዋ መሬት ወርዳ በራሷ ክብደት ከተቀመጠች በኋላ ነው ያጠበቋቸው። ምክንያቱን ስንጠይቅ "ጎማው አንገቱ ተጠምዞ እንዳይኖር" አሉን። ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቅ፣ መኪናው ሲወርድ በውስጡ ያለው ጎማ ዕድሜውን ሙሉ ተጠማዞ ይኖራል፤ ፈጥኖም ይቀደዳል። የዶክትሬት ጽሑፋችን ስለ ጠጣር ነገሮች መለጠጥ ነበር፤ ይህን ግን ከአንድ ጋራዥ ደጅ ተማርን።

"አሮጌ መኪና ላይ ገንዘብ አይፈስስም፤ የተሰበረውን ብቻ ለውጡ" የሚል ክርክር ከክፍላችንም ተነሥቶ ነበር። ገንዘቡ እንደማይበቃ እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንደሚያገለግሉን እንገምታለን። እንዲያም ሆኖ አዲስ ሾክ በላሸቀ ቡሽ ላይ ቢታሰር፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ሾኩ ሳያውቃቸው ያልፋሉ፤ መሬት ለመልቀቅ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ መብቃቱን አይተናል። ግራው አዲስ ቀኙ አሮጌ ከሆነም ፍሬን ሲያዝ ሁለቱ ጎማዎች መሬቱን እኩል አይዙም። ስለዚህ ሾኮቹንና ቡሾቹን በግራም በቀኝም፣ ቦል ጆይንቶቹን ደግሞ አራቱንም አስለወጥን፤ በመጨረሻም አላይመንት አሠራን። ለዚህ ስንል የዚያን ዓመት የአንድ መስክ ጉዞ ሰርዘናል። ተማሪዎቹ ቅር ተሰኝተውብናል፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነበር።

ከአሮጌዎቹ ሾኮች አንዱን ጥለን አልመጣንም። አሁን በሁለተኛ ዓመት ቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ ላይ ከአዲስ ሾክ ጎን ተቀምጧል። ተማሪዎች ሁለቱንም በእጃቸው ይገፋሉ፣ ይስባሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን በጋቢናውና በታችኛው ክንድ ላይ አጥብቀው አስረው፣ በግቢው የጠጠር መንገድ ይነዳሉ፤ በስልኩ የፍጥንጥነት መለኪያ የተመዘገበውንም ወደ ድግግሞሽ ይቀይሩታል። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ በክንዱ ላይ የታየው ጎላ ያለ ጉብታ በጋቢናው ግራፍ ላይ ለምን እንደጠፋ ጠየቀችን። መልሱን ሳንነግራት ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደርነው።