ከመስማት ወደ ማረም፦ ሒሳብ፣ ዓይነ ስውራን ፕሮግራመሮችና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በአብዛኛው የሚመደቡት በሕግ፣ በቋንቋና በማኅበራዊ ሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኘችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በዚህ መስክ ምን ያህል መድረስ እንደሚቻል አሳይታለች። ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስገባው በር ግን ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ በዓይን ካልታየ አይሠራም የሚለው እምነት እስካሁን አልተነቀለም። ይህ እምነት ቀድሞ መነሻ ነበረው። ዛሬ ግን ተማሪን ከሒሳብ ነጻ ማድረግ ርኅራኄ መስሎ በር መዝጋት ነው።

ችግሩ የሒሳብ ጽሕፈት ትርጉሙን ከቦታ የሚያገኝ መሆኑ ነው። ላዕል ከላይ፣ ታሕት ከታች፣ አርቢ ደግሞ ከቁጥሩ ራስጌ ይቀመጣል። ድምፅ ግን ላይና ታች የለውም። «3 ሲደመር 1 ሲካፈል ለ2» ተብሎ ሲነበብ የሚሰማ ተማሪ ድምሩ በሙሉ ይካፈል ወይስ 1 ብቻ ይካፈል አያውቅም። በመጀመሪያው አረዳድ መልሱ 2፣ በሁለተኛው 3.5 ነው። ተማሪው ቢሳሳት ስሕተቱ የችሎታው ሳይሆን የአነባበቡ ነው።

የፕሮግራም ኮድ ይህ ችግር የለበትም፤ ከመነሻው በመስመር የሚሄድ ጽሑፍ ነውና። ዓይነ ስውሩ አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ የማያ ገጽ አንባቢ ኮዱን መስመር በመስመር ያነብባል። ሆኖም በግራፊክስ፣ በምስጠራ ወይም በማሽን ትምህርት ሊሠራ የሚፈልግ ፕሮግራመር ማትሪክስና ካልኩለስ ያስፈልገዋል። መጽሐፉ ቀመሩን እንደ ሥዕል ካስቀመጠው የማያ ገጽ አንባቢው እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል።

መፍትሔው ቀመሩንም እንደ ኮድ መጻፍ ነው። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዶናልድ ክኑዝ ቴክ ላይ የገነባው ላቴክ ክፍልፋይን በትእዛዝ ስም፣ ላዕሉንና ታሕቱን በየራሳቸው ቅንፍ ያስቀምጣል፤ ብዥታው በዚያው ይጠፋል። ዓይነ ስውሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ቲ. ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1994 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ የላቴክ ሰነድ መዋቅሩን ጠብቆ በድምፅ ሊነበብ እንደሚችል አሳይቷል። የአማርኛ ብሬይል አንባቢም ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ በሕትመት አንድ ምልክት የሆነውን «ሉ» ተናባቢውንና አናባቢውን ለይቶ በተከታታይ ያነብባልና።

ዛሬ ማዝካት የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በኤንቪዲኤ ላይ ተጨምሮ ቀመርን በድምፅና በብሬይል ያቀርባል፤ አንባቢውም በቀመሩ ውስጥ ገብቶ ላዕሉን ብቻ ወይም በዳግም ዘሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነጥሎ መስማት ይችላል። አክሰስ ኤይት ማዝ ደግሞ በላቴክ መጻፍንና ማረምን ያግዛል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መስማት ብቻውን ተማሪን አድማጭ ያደርገዋል፤ የሒሳብ ሠራተኛ የሚያደርገው የተሳሳተውን ምልክት ፈልጎ ማግኘትና በራሱ እጅ ማረም ነው።

የክፍት ምንጭ ጥቅም ነጻ መሆኑ ብቻ አይደለም። የማዝካት የአነባበብ ሕጎች ከፕሮግራሙ ተለይተው በየቋንቋው ፋይል ስለሚቀመጡ ኢንዶኔዥያኛና ቬትናምኛ ሊጨመሩበት ችለዋል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ክፍት ምንጭ የድምፅ ሶፍትዌርም አማርኛ ያነብባል። ስለዚህ ቀሪው ሥራ ቀመር በአማርኛ እንዴት እንደሚነገር መወሰን ነው፤ ይህም የቃል በቃል ትርጉም ሳይሆን የሒሳብና የሥነ ልሳን ጥናት ነው። በድሬዳዋ ጉዳዩ ከአማርኛም ያልፋል። በዋሂልና በመሰል የገጠር ቀበሌዎች ያደገ ልጅ የመጀመሪያውን ሒሳብ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ሊማር ይችላል። ለእርሱ ሲል የሚደክም የንግድ ድርጅት መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ክፍት ፋይል ግን የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪም ሊጽፈው ይችላል።

በእርግጥ ሶፍትዌር ሁሉን አይፈታም። ግራፍና የጂኦሜትሪ ሥዕል አሁንም በእጅ የሚዳሰስ ቅርጽ ይሻሉ፤ በኮምፒውተር የሚሠራው የብሬይል ማሳያ ውድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሒሳብ የታለፈውን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ላይ ላቴክ ሰጥቶ መካስ የማይቻል መሆኑ ነው። ይህ ግን ሥራውን ቀድሞ ለመጀመር እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በትምህርት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል። ይህም ለዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ቀላል ተግባራት ማለት ነው፦ የሒሳብ ማስታወሻን ከነላቴክ ጽሑፉ ለተማሪው መስጠት፤ በላቴክ የተጻፈ የፈተና መልስን መቀበል፤ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የሶማልኛን የቀመር አነባበብ የድኅረ ምረቃ ጥናት ርእስ ማድረግ። ሦስቱም ከግዢ በፊት ውሳኔን ይጠይቃሉ። ውሳኔው በዘገየ ቁጥር ግን ከሒሳብ ክፍል የሚወጣው ዓይነ ስውር ተማሪ በራሱ ምርጫ እንደወጣ መቆጠሩ ይቀጥላል።