የላይቭ ገበያና ዋስ ያጣ ገንዘብ

ዱባይ ዴይራ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንዲት እህታችን ስልኳን ከፍ አድርጋ «ቁጥር 38 ሁለት ብቻ ቀርታለች፤ ቶሎ በሉ!» ትላለች። አዲስ አበባ፣ ደሴና አዳማ ሆነው በቲክቶክ ላይቭ የሚያዩዋት «ለእኔ ያዢልኝ» ብለው ይጽፋሉ። ብሩ በቴሌብር ሀገር ቤት ላለው ወንድሟ ይገባል፤ እቃው በካርጎ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ይሄዳል። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም።

ይህን ንግድ የሚያንቋሽሹ ወገኖች አሉ። እኛ ከእነሱ ጋር አይደለንም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት እቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ሲከለክል ሽቶና ኮስሞቲክስ ሳይቀሩ በቅንጦት ተፈረጁ። ሰው ግን መፈለጉን አልተወም፤ ከክፍተቱ የተወሰነውን የሞላችው ሻንጣ የያዘችው ስደተኛ ናት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ክልከላው ሲነሳ ብርም ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ዋጋ ተስማምታ እቃውን ሳትገዛ ምንዛሪው የዘለለባት ሻጭ ምን ታድርግ? «በላችኝ» ከሚባለው ገንዘብ ጥቂት የማይባለውን የበላው ምንዛሪው ነው።

ይህ ግን ለሁሉም ሰበብ አይሆንም። አንዲት አንባቢያችን ለልጇ ሠርግ ጫማና ቦርሳ ሙሉ ዋጋ ከፍላ ሦስት ወር ጠበቀች። መጀመሪያ «እቃው ጉምሩክ ተይዟል» ተባለች፤ ቀጥሎ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ፤ በመጨረሻ ከላይቩ ታገደች። ሻጯ በማግስቱ ሌላ ጫማ ይዛ ብቅ አለች! ለማን አቤት ይባላል? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል፤ ሻጯ ያለችው ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ወንድምየውም «እኔ ተቀባይ ብቻ ነኝ» ይላል።

የሻጮቹም ጣጣ ቀላል አይደለም። በቤት ሠራተኛ ቪዛ ያለች ልጅ ያለ ንግድ ፈቃድ ስትሸጥ ብትገኝ የምትቀጣው እሷ ናት። «ያዢልኝ» ብሎ የጠፋ ደንበኛ እቃውን ደመወዟ ላይ ጥሎባት ሲሄድም ፖሊስ ጋ መሄድ አትችልም።

ቻይናውያን በዚህ ንግድ ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የላይቭ ሽያጭን የሚገዛ ደንብ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ቪያ የተባለችውን ዝነኛ ሻጭ ግብር ሰወረች ብለው 1.34 ቢሊዮን ዩዋን እንድትከፍል ወሰኑባት። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት የነበረው ነገር ነው፤ በአሊፔይ የሚከፈለው ገንዘብ ገዢው እቃውን መረከቡን እስኪያረጋግጥ ድረስ ለሻጩ አይለቀቅም። የእኛ ሰው ይህን በሌላ ስም ያውቀዋል። እቁብ ሲበላ ዋስ ይጠራል።

ስለዚህ ላይቭ የምትገቡ እህቶችና ወንድሞች፣ ሁለታችሁም የምታምኑት ዋስ ሀገር ቤት አቁሙና ገንዘቡ እሱ ዘንድ ይቆይ። እቃውን መግዣ ካጣችሁ ግማሹን ብቻ ተቀበሉ፤ የሱቁን ደረሰኝ እዚያው ላይቩ ላይ አሳዩ፤ ዋጋው የሚጸናው እስከ ስንት ቀን እንደሆነም ቁርጡን ተናገሩ። ገዢዎችም «ያዢልኝ» ያላችሁትን ውሰዱ።