ስለ ጉቶና ስለ ዛፍ ቈራጭ

ዛፍ መትከል ዕውቀት ይፈልጋል፥ ዛፍ መቍረጥ ግን ጕልበት ብቻ ይበቃዋል የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ስለዚህም አንድ ሰው ባሕር ዛፉን ለማስቈረጥ ባሰበ ጊዜ ጕልበታም ሆኖ የታየውን ጐልማሳ ይጠራና ምሳር ያስጨብጠዋል። ዋጋውንም በአጣናው ቍጥር ይዋዋለዋል። በመሸም ጊዜ አጣናውን ይቈጥራል፥ ገንዘቡን ይከፍላል፥ ወደ ቤቱም ይገባል። በመሬት ላይ የቀረውን ጉቶ ግን አይመለከተውም። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ዛፍ ቈራጭ ሊመዘን የሚገባው በወሰደው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በተወው ጉቶ ነው።

ይህስ ስለ ምን ነው ቢባል፥ የባሕር ዛፍ ጠባይ እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ስላልሆነ ነው። ጤፍ ከታጨደ በኋላ ሥሩ ይሞታል፤ ገበሬውም በሚመጣው ዓመት ዳግመኛ አርሶ ዳግመኛ ይዘራል። የባሕር ዛፍ ሥር ግን ግንዱ ቢቈረጥም በሕይወት ይኖራል። ከቅርፊቱ በታች ተሰውረው የሚቀመጡ የቡቃያ ዐይኖች አሉ። ግንዱ ከላይ በተወገደ ጊዜ እነዚህ ዐይኖች ይነቃሉ፤ ጉቶውም ጥቂት ቈይቶ በለጋ ቅጠል ይሸፈናል። ይህንም ነገር ማቈጥቈጥ ይሉታል። አዲሱ ቡቃያ የአሮጌውን ዛፍ ሰፊ ሥር ስለሚወርስ ትናንት ከተተከለ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። አባት በተከለው ሥር ላይ ልጅ አጣና ቈርጦ ቤት ይሠራል፤ ከዚያው ጉቶም ዳግመኛ ይቈርጣል። ዛፍ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ጽድ አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ጉቶው ደርቆ ይቀራል እንጂ አያቈጠቍጥም።

ባሕር ዛፍ የአገር ተወላጅ አይደለም፤ የመጣው ከአውስትራልያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ አለቀ፥ እንጨትም ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ባሕር ዛፍ ግን በእንጦጦ ተዳፋትና በየሰዉ ግቢ ተተክሎ ፈጥኖ አደገ። ከተማዪቱም በስፍራዋ ቀረች። እንግዲህ አዲስ አበባ በጉቶ ላይ ቆማለች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ሰዎቿ የቈረጡት ዛፍ መልሶ ባያቈጠቍጥ ኖሮ ያን ሁሉ ምድጃና ያን ሁሉ ጣራ ማን በቻለው ነበር?

ደኅና ጉቶ በዐይን ይታወቃል። ከፍታው ከመሬት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ፊቱ ለስላሳ ነው፤ የዝናብም ውሃ እንዳይተኛበት ወደ አንድ ጐን ጥቂት ያዘነብላል። ቅርፊቱ ሳይላጥና ሳይሰነጠቅ ከእንጨቱ ጋር እንደ ተጣበቀ ዙሪያውን ይከበዋል። ክፉ ጉቶ ግን እስከ ጕልበት የሚደርስ፥ ራሱ እንደ መጥረጊያ የተበጣጠሰ፥ ቅርፊቱም እስከ ሥሩ የተገሸለጠ ነው። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፥ ውሃውም ያበሰብሰዋል። የቡቃያው ዐይን በቅርፊቱ ሥር ነውና ቅርፊቱ ከተገሸለጠ ዐይኑም አብሮ ይጠፋል። ከረዥም ጉቶ ጫፍ ላይ የበቀለ ቡቃያም ቢሆን አያያዙ ደካማ ስለሆነ ነፋስ በመጣ ጊዜ ተገንጥሎ ይወድቃል። በዚያ ላይ ግንዱ እጅግ የሚወፍረው ከታች ነው። አንድ ቈራጭ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ሁለት ስንዝር በከንቱ ቢተው፥ ከመቶ ዛፍ ሁለት መቶ ስንዝር ወፍራም እንጨት በመሬት ላይ ይቀራል። ተማሪ ይህን በጣቱ ሊያሰላው ይችላል፤ አጣና ቈጥሮ የሚከፍለው ባለ ዛፍ ግን ሳያሰላው ይኖራል።

ደኅና ጉቶ ከዱልዱም ምሳር አይወጣም። የተሳለ ምሳር እንጨቱን ይቈርጣል፤ ዱልዱም ምሳር ግን ይቀጠቅጠዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሽማግሌ ቈራጭ ጧት ከዛፉ ሥር በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ ይቀመጣል። ሞረዱን ያወጣል፥ የምሳሩን ስለት ከዚህና ከዚያ ቀስ እያለ ያሾለዋል፥ በአውራ ጣቱም ይሞክረዋል። ከዚያ በኋላ ዛቢያውን ይመለከታል። ዛቢያው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሊሆን ይገባል፤ ብረቱም እንዳይወልቅ በዐይኑ ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ ይመታበታል። ላልቶ የወለቀ ብረት በአየር ላይ በርሮ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ አይታወቅምና።

ባለ ዛፉ ይህን ሲያይ ልቡ ይቸኵላል። «አባባ፥ ፀሐይ እኮ ወጣች፤ መቼ ሊጀምሩ ነው?» ይላል። ሽማግሌውም ቀና ሳይል «ጀምሬአለሁ፥ ልጄ» ብሎ ይመልስለታል።

መጋዝም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ከዚህና ከዚያ ሆነው የሚስቡት ትልቅ መጋዝ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ ጥቂት ዘንበል ብለው የተሠሩ ናቸው። ይህም የሚቈረጠው መንገድ ከብረቱ ውፍረት ሰፋ እንዲልና መጋዙ እንዳይጣበቅ ነው። ዕውቀት የሌለው ሰው በተራው ከመሳብ ይልቅ ወደ ጓደኛው ይገፋል፤ ብረቱም ይጐብጣል። መጋዙ በግንዱ ውስጥ በተነከሰ ጊዜ ከኋላው ሽብልቅ መትቶ መንገዱን መክፈት ይገባል እንጂ በቍጣ መጐተት አይረባም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ እንጨት ነው። ከእንጨት የሚበልጥ ግን አለ፤ እርሱም የሰው ሕይወት ነው። ዛፍ በሚወድቅበት ጊዜ ክብደቱን የሚያቆመው ክንድ የለም። ስለዚህ ብልህ ቈራጭ ምሳሩን ከማንሣቱ በፊት ወደ ላይ ይመለከታል። ዛፉ ወዴት አዘንብሏል? ነፋሱ ከወዴት ይነፍሳል? ደርቆ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አለን? ከዚያ በኋላ በግንዱ ዙሪያ ያለውን ቍጥቋጦ ይመነጥራል፤ ዛፉ መውደቅ በጀመረ ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ጐን ፈቀቅ የሚልበትንም መንገድ ያዘጋጃል። አስቀድሞ በሚወድቅበት በኩል እስከ ግንዱ ሩብ የሚደርስ አፍ ይከፍትለታል። ቀጥሎ በጀርባው በኩል ከዚያ አፍ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቈርጣል። ሁለቱ ቍርጦች ግን እንዲገናኙ አይተውም። በመካከላቸው ቀጭን እንጨት ይቀራል፤ ይህም እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደ ተፈለገው ስፍራ እየመራ ይጥለዋል። ማጠፊያውን ሁሉ የቈረጠ ሰው ዛፉን ያለ ልጓም እንደ ለቀቀው ፈረስ ይቍጠረው።

ይልቁንም የሚያሳዝነው የልጆች ነገር ነው። ልጆች ለአባታቸው ውሃ ይዘው ይመጣሉ፤ ጭራሮና ቅጠል ለመልቀምም ይሽቀዳደማሉ። ዛፉ ገና ሳይወድቅ ወደ ጥላው ይገባሉ። የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ርቆ መቆም ለሕፃን ረዥም መንገድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ይህ ርቀት ሊጠበቅ ይገባል። ቈራጩም የመጨረሻውን ምት ከመምታቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ መጣራትና መልስ መስማት ግዴታው ነው። መጣራት ብቻ አይበቃም።

በቍጥር የሚዋዋል ቈራጭ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። ከቀትር በኋላ ዛፉ ሳይወድቅ በጎረቤቱ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ይቀርበታል። በገመድ ከሩቅ አስሮ ለማውረድ ሰው መጥራትና ጊዜ ያስፈልጋል። ቈራጩ ግን ቍጥሩ እንዳይጐድልበት ስለሚያስብ፥ ደጋፊ የሆነውን ሁለተኛውን ዛፍ ከሥሩ ገብቶ ይቈርጠዋል። ሁለቱም በአንድነት ይወርዱበታል። ጓደኞቹ በቃሬዛ ይወስዱታል። ባለ ዛፉም ማታ የሠላሳ አጣና ዋጋ ቈጥሮ ለሚስቱ ይሰጣል። ለእግሩ ግን ውል አልነበረም።

በዚህ ነገር ጥፋቱ የቈራጩ ብቻ ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። በቍጥር ብቻ የሚከፍል ሰው ችኰላን ገዝቷል፤ ችኰላንም የገዛ ሰው የተበጣጠሰ ጉቶና የተሰበረ እግር ሲያይ ሊደነቅ አይገባውም። ድሀ ባለ ዛፍ ከዚህ የበለጠ ምን ሊከፍል ይችላል የሚል ቢኖር፥ መልሱ በራሱ መሬት ላይ ነው። ለአጣና የሚሆን ባሕር ዛፍ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል። ጉቶው የሞተበት ሰው ችግኝ ይገዛል፥ ጉድጓድ ይቈፍራል፥ ሥር እስኪሰድም ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ ወጪ ይልቅ ለደኅና ቈራጭ ጥቂት ጨምሮ መክፈል ይረክሳል። ስለዚህ ከዋጋው አንዱ እጅ በአጣናው ቍጥር፥ ሁለተኛው እጅ ደግሞ ባለ ዛፉና ቈራጩ አብረው በጉቶዎቹ መካከል ተመላልሰው ካዩ በኋላ ቢከፈል መልካም ውል ይሆናል።

በአሁኑ ዘመን የሞተር መጋዝ በብዙ ስፍራ ገብቷል። ይህ መሣሪያ ከመጣ ወዲህ የቈራጭ ዕውቀት አያስፈልግም የሚሉ አሉ። የሞተር መጋዝ መልካም መሣሪያ ነው፤ ሁለት ሰው ረዥም ሰዓት የሚደክምበትን ግንድ በጥቂት ደቂቃ ይጥላል፤ በሚያውቅ እጅ ሲያዝም ለስላሳ ጉቶ ይተዋል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ጥርስ አለው፤ ጥርሱም እንደ ምሳር ሁሉ ይዶለዱማል፥ ሞረድም ይፈልጋል። የረዥሙ ብረት ጫፍ በላይኛው ወገኑ እንጨት የነካ እንደ ሆነ መጋዙ በድንገት ወደ ያዘው ሰው ፊት ይስፈነጠራል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ያለ ጠንካራ ቆብና ያለ ሙሉ ጫማ መያዝ ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። ደግሞም ሞተሩ ስለ ሰው ፈንታ አይጐነበስም። ወገቡን ማጠፍ የሰለቸው ሰው በሞተር መጋዝም ቢሆን እስከ ጕልበት የሚደርስ ጉቶ ይተዋል፤ ልዩነቱ ብዙውን ጉቶ በአንድ ቀን ማበላሸቱ ነው።

ባለ ዛፉም የራሱ ሥራ አለው። የተመለመለው ቅርንጫፍ በጉቶው ላይ ተከምሮ ቡቃያውን እንዳያፍን ያነሣዋል፤ ከብትም ለጋውን እንዳይረግጠው ይጠብቃል። ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣልና በምንጭ አጠገብና በጎረቤት ማሳ ዳር አይተክለውም፤ ይህ ግን ለብቻው ብዙ የሚያነጋግር ነው።

ክረምቱ አልፎ ዓመት በሞላ ጊዜ ሽማግሌው ቈራጭ በዚያ መንገድ ያልፋል። ከመንገዱም ወጣ ብሎ ወደ ጉቶው ይሄዳል፥ ጐንበስ ብሎም ያየዋል። በጉቶው ዙሪያ ስምንትና ዘጠኝ የሚሆን ቡቃያ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ እርስ በርሱ ይጋፋል።

ባለ ዛፉ ከቤቱ ወጥቶ «አባባ፥ ምን ጠፋብዎ?» ይለዋል።

«ቡቃያዬን ልቈጥር ነው፥ ልጄ። ማጭድ አምጣልኝ። ተራርቀው የቆሙትን እነዚህን ሁለት ብርቱዎች እንተዋቸው፤ የቀረውን ቈርጠህ ጭራሮውን ለእናትህ አግባላት።»